የማይታየው ደላላና ፍትሐዊ ዋጋ

ፍትሐዊ ዋጋ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ገበያ ካለ ጀምሮ ያለ ጥያቄ ነው። አንድ ዕቃ ስንት ያወጣል ማለት ግን አይደለም፤ ያንንስ ገበያው ራሱ ይመልሰዋል። ጥያቄው ሻጭና ገዢ ተስማምተው፣ ገንዘብና ዕቃ ተቀባብለው ከተለያዩ በኋላም አንዳቸው ተበድለው ሊሆን ይችላል ወይ የሚል ነው። ይችላል ከተባለ በደሉ የቱ ጋ ነው? በዋጋው መብዛት ነው? አንዱ የሚያውቀውን ሌላው ባለማወቁ ነው? ወይስ ገዢው ሌላ የሚሄድበት በር በማጣቱ? ኢንተርኔት ገበያውን ወደ ስልክ መስታወት ካመጣው ወዲህ ይህ የሃይማኖት አባቶችና የፈላስፎች ጥያቄ ዳግም ተነሥቷል። ዛሬ በብዙ ገበያዎች ዋጋ የሚያወጣው ሻጭም ገዢም ሳይሆን በመካከላቸው የቆመ፣ ሁለቱም የማያዩት ሦስተኛ ወገን ነውና።

አርስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ ልውውጥን ከፍትሕ ጉዳዮች አንዱ አድርጎ ያየዋል። ቤት የሚሠራና ጫማ የሚሰፋ ሰው ሥራቸውን ሲለዋወጡ፣ ስንት ጫማ አንድ ቤት ይሆናል? ሁለቱ ሥራዎች በባሕርያቸው አይመዛዘኑም፤ የሚያመዛዝናቸው ፍላጎት ነው፤ ፍላጎትን ወክሎ የሚቆመው ደግሞ በሰዎች ስምምነት የመጣው ገንዘብ ነው። የአይሁድ ሊቃውንት በታልሙድ ነገሩን በቁጥር ቆረጡት። ከገበያው ዋጋ ከአንድ ስድስተኛ በላይ የተጋነነ ሽያጭ ይፈርሳል፤ ልክ አንድ ስድስተኛ ከሆነ ሽያጩ ይጸናል፣ በትርፍ የተወሰደው ግን ይመለሳል። የተበደለው ገዢ አቤት የሚልበት ጊዜም ተወስኖለታል፦ ዕቃውን ወስዶ ለነጋዴ ወይም ለዘመድ እስኪያሳይ ድረስ። ትንሽ የምትመስለው ይህች ድንጋጌ የአሮጌው አስተሳሰብ ሁሉ የቆመባትን መሬት ታሳያለች። ዋጋ ማለት ሌላ ሰው ዘንድ ተሂዶ «ስንት ገዛኸው?» የሚባልበት፣ የአደባባይ ነገር ነበር።

ሁለተኛው መሠረት ዕውቀት ነው። ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፉ አንድ ነጋዴ ያቀርባል። በሮድስ ደሴት ረኀብ ገብቶ እህል ተወዷል። ነጋዴው ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ቀድሞ ደርሷል፤ ሌሎች ብዙ መርከቦችም እህል ጭነው ከኋላው ሲመጡ በዓይኑ አይቷል። ይህን ለሮድስ ሰዎች ይንገራቸው ወይስ ዝም ብሎ በተወደደው ዋጋ ይሽጥ? ፈላስፋው የባቢሎኑ ዲዮጋን፣ ሻጭ የዕቃውን ጉድለት አይደብቅ እንጂ የሚያውቀውን ሁሉ ሊዘረግፍ አይገደድም አለ። ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ ደግሞ ሰው ለሰው የተፈጠረ ነውና ገዢ ቢያውቀው የሚጠቅመውን መደበቅ ነውር ነው ብሎ ተከራከረ። ሲሴሮም ከደቀ መዝሙሩ ጋር ቆመ። በ13ኛው መቶ ዘመን ቶማስ አኩዊናስ ያንኑ እህል ነጋዴ አንሥቶ ለዘብ ያለ ፍርድ ሰጠ፦ ባይናገር ፍትሕን አላጓደለም፣ ቢናገር ግን የበለጠ ምግባር ነው።

በእስልምና ትውፊት ያለው ታሪክ ከሁሉም ይልቅ ለዛሬው ገበያ ይቀርባል። በመዲና ዋጋ ሲንር ሰዎች ነቢዩ ሙሐመድ እንዲተምኑላቸው ጠየቁ፤ እሳቸው ግን ዋጋን የሚወስነው አላህ ነው ብለው ሳይተምኑ ቀሩ። እኚሁ ነቢይ ታዲያ ከገጠር የሚመጣውን ቅፍለት ገበያ ሳይደርስ መንገድ ላይ ተቀብሎ መግዛትን ከለከሉ፤ ባላገሩ የከተማውን ዋጋ ሳያውቅ ይሸጣልና። የከተማ ሰው ለባላገር እንዳይሸጥለትም ከለከሉ፤ የነቢዩ ባልደረባ ኢብን ዐባስ ይህን ሲያብራሩ ደላላው አይሁን ማለት ነው ብለዋል። ለመግዛት ሳያስቡ ዋጋ ለማስወደድ ብቻ እየጨመሩ መጥራትም ክልክል ሆነ። በግብፅ በ13ኛው መቶ ዘመን በዐረብኛ ተጠናቅሮ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥትም መሸጥና መግዛትን ራሱን በቻለ አንቀጽ ይዳኛል። ሥርዓቶቹ ይለያዩ እንጂ ሁሉም አንድ ነገር አስቀድመው ይገምታሉ። ሻጭና ገዢ ይተያያሉ፤ የገበያው ዋጋ ይሰማል፤ ያጭበረበረ ሰው በስሙ ተጠርቶ ዳኛ ፊት ይቆማል።

ከእነዚህ ሁሉ ጀርባ የሚንጎራደድ ሰው አለ፤ ደላላው። ቃሉ ዐረብኛም ያለው ነው፤ በአማርኛ ጆሮ ግን «መደለል»ን አብሮ ስለሚያሰማ ሰውየው ገና ሳይናገር ተጠርጥሮ ይጀምራል። ሆኖም የሚሸጠው ነገር እውነተኛ ነው። ቤት የሚያከራይ ሰው የትኛው ተከራይ የት እንዳለ አያውቅም፤ መኪና የሚገዛም የትኛው ሻጭ ገንዘብ እንደቸገረው አያውቅም። ደላላው ሁለቱንም ያውቃል፤ የሚከፈለውም ስለዚህ ዕውቀቱ ነው። ኢኮኖሚስቱ ሮናልድ ኮዝ በ1937 (ዓመታቱ ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) እንዳስረዳው ገበያን መጠቀም ራሱ ወጪ አለው፦ ዋጋ መጠየቅ፣ መፈለግ፣ መደራደር፣ መዋዋል። ደላላ የሚኖረው በዚህ ወጪ ነው። ከዚህ ተነሥቶ፣ ዋጋ መጠየቅ ምንም የማያስወጣ ከሆነ ደላላ ምን ሊበላ ነው ማለት ቀላል ነበር። በ1990ዎቹ የኢንተርኔት ንግድ ሲጀመር የተሰበከው ተስፋም ይኸው ነው፤ አምራችና ሸማች ፊት ለፊት ይገናኛሉ፣ መካከለኛው ይቀራል።

ተስፋው መና አልነበረም። በሕንድ ኬረላ ግዛት የሰርዲን አጥማጆች ጀልባቸውን ወደ ቤታቸው ቅርብ ወደሆነው ባሕር ዳርቻ ብቻ ያመጡ ነበር። እዚያ ዓሣው ከተትረፈረፈ ገዢ አጥቶ ይደፋል፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር እልፍ ብሎ ደግሞ ገዢዎች ዓሣ አጥተው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ከ1997 ጀምሮ ሞባይል ስልክ ሲገባ አጥማጆቹ ከባሕሩ መሐል ሆነው እየደወሉ ዋጋ ይጠይቁ ጀመር። ሮበርት ጄንሰን በ2007 ባሳተመው ጥናት በየዳርቻው የነበረው የዋጋ ልዩነት እጅግ ጠቦ፣ የሚደፋው ዓሣ ጨርሶ ቀርቶ፣ የአጥማጆቹ ትርፍ በ8 በመቶ ገደማ አድጎ፣ ሸማቹም በ4 በመቶ ገደማ ረክሶለት ታይቷል። ሁለቱም ወገን አተረፈ፤ የጠፋው የሚበሰብሰው ዓሣ ብቻ ነው። አንቲጳጥሮስ ቢያይ ደስ የሚለው ገበያ ነበር፤ የሮድስ ሰዎች ከኋላ የሚመጡትን መርከቦች ሁሉ እንዳዩ ይቆጠራል።

በኢትዮጵያም የምርት ገበያው የተወለደው ከዚሁ ሐሳብ ነው። በ2002 በቆሎ ተትረፍርፎ ዋጋው ሲወድቅ ለማጨጃ የሚያወጡትን እንኳ የማይመልስላቸው ገበሬዎች እህሉን ማሳ ላይ ተዉት፤ በዓመቱ ደግሞ ሚሊዮኖች እርዳታ ፈላጊ ሆኑ። ምርቱ ከሚበዛበት ወደሚያንስበት የሚወስደው ዋጋ ሳይሰማ ቀርቷል የሚለው ነቀፋ ኢኮኖሚስቷን እሌኒ ገብረመድኅንን ምርት ገበያውን ወደ መመሥረት መራቸው፤ ግብይቱም በ2008 ተጀመረ። በየገጠሩ ከተማ የዋጋ ሰሌዳ ተተከለ፤ ዋጋው በስልክና በአጭር መልእክት ይነገር ጀመር። ገበሬው የአዲስ አበባውን ዋጋ ሳያውቅ ከመጋዘን ነጋዴ ጋር የሚደራደርበት ዘመን ቢያንስ በከፊል አበቃ። (የከፈለው ዋጋም አለ፦ ቡናው በደረጃ እየተደባለቀ ሲሸጥ የየትኛው ገበሬ እንደሆነ መለየት ቀረ፤ ዋጋው ሲታይ ባለቤቱ ተሸፈነ። ይህን ለማስተካከል ሕጉ ኋላ ተሻሽሏል።)

ይሁንና መካከለኛው አልጠፋም። በ1995 ፒየር ኦሚድያር ኋላ ኢቤይ የተባለውን የጨረታ ገጽ ሲከፍት መጀመሪያ የተሸጠው የተበላሸ የሌዘር መጠቆሚያ ነበር፤ በ14.83 ዶላር። ሻጩ የተሰበረ መሆኑን ያውቁ ይሆን ብሎ ገዢውን ቢጠይቀው፣ የተሰበሩ የሌዘር መጠቆሚያዎችን እንደሚሰበስብ መለሰለት። በተራ ገበያ እነዚህ ሁለት ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ባልተገናኙ ነበር። እንዲህ ያሉትን የሚያገናኘው ግን ባዶ ሜዳ አይደለም፤ ከሽያጩ ድርሻውን የሚወስድ፣ ማን ታማኝ ማን አጭበርባሪ እንደሆነ የሚመዘግብ፣ የሕጉ ባለቤት የሆነ መድረክ ነው። ደላላው ሜዳውን ገዝቶ ተመለሰ ማለት ነው።

ኢኮኖሚስቶቹ ሮሼና ቲሮል በ2003 ይህን ዓይነቱን ገበያ ባለሁለት ወገን ገበያ ብለው ተነተኑት። መድረኩ ሻጭን ለገዢ፣ ገዢን ለሻጭ ይሸጣል፤ ብዙ ገዢ ያለበት ሻጭን ይስባል፣ ብዙ ሻጭ ያለበትም ገዢን። ስለዚህ ከሁለቱ ወገን አንዱን በነፃ ወይም በኪሳራ ማስገባት ያዋጣል፤ ሒሳቡን ሌላው ይከፍላል። የድሮው ደላላ አንድ ቤት ሲያከራይ አንድ ድርሻ ይወስዳል፤ ከተሳደበ ወይም ከዋሸ ሰው ወደ ሌላው ደላላ ይሄዳል። አዲሱ ደላላ ግን ሁሉም ሰው እሱ ዘንድ ስላለ ብቻ ሁሉም ሰው እሱ ዘንድ ይመጣል። አፕል በ2008 የመተግበሪያ ሱቁን ሲከፍት ከእያንዳንዱ ሽያጭ የሚወስደው 30 በመቶ ነበር፤ በ2021 ለትንንሽ ሠሪዎች ወደ 15 በመቶ ዝቅ አድርጎታል። 30 ለምን 30 ሆነ? ለምን 20 ወይም 40 አልሆነም? ድርድር አልነበረበትም፤ በሩ ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው።

የኢትዮጵያ ታሪክ ለዚህ ቅርብ ምሳሌ አለው። ነጋድራስ ማለት ቀረጥ የሚቀበል ብቻ አልነበረም፤ የነጋዴዎች አለቃ ነው፣ በመካከላቸው ጠብ ሲነሣም ይዳኛል። በሩም ዳኝነቱም በአንድ እጅ ነበር። ጥያቄው ነጋድራሱ ራሱ ሱቅ ከፍቶ ከሚቀርጣቸው ነጋዴዎች ጋር በዚያው ገበያ ቢወዳደር ምን ይባል ነበር የሚለው ነው። በዛሬው መድረክ ይህ የተለመደ ነው። አማዞን የሌሎችን ሸቀጥ ያሻሽጣል፣ የራሱንም አጠገቡ ይደረድራል፤ ማን ምን ያህል እንደሸጠ የሚያየውም እሱ ነው። ጎግል ደግሞ በኢንተርኔት ማስታወቂያ ገበያ የሻጮቹን መሣሪያም፣ የገዢዎቹን መሣሪያም፣ ጨረታው የሚካሄድበትን አዳራሽም ይዞ ቆይቷል፤ በኤፕሪል 2025 አንድ የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ከእነዚህ በሁለቱ፣ በአሳታሚዎቹ መሣሪያና በአዳራሹ፣ ሕገ ወጥ ሞኖፖሊ መሥርቷል ብሎ ፈርዷል። ለሻጭ ደላላ፣ ለገዢ ደላላ፣ ራሱ አጫራች፤ መርካቶ ውስጥ አንድ ሰው እንዲህ ቢያደርግ ገበያተኛው የሚጠራበት ስም አይጠፋም።

የጀማሪ ኩባንያዎች ስልት የተቀረጸው ይህን ወንበር ለመያዝ ነው፤ ሐሳቡ ግን ከኮምፒውተር ይቀድማል። አርስቶትል በፖለቲካ መጽሐፉ የሚሌጦሱን ታሌስ ታሪክ ይተርካል። ፈላስፋው ድህነቱ ሲሰደብበት፣ በክረምት ገና የወይራው አበባ ሳይታይ በሚሌጦስና በኪዮስ ያሉትን የዘይት መጭመቂያዎች ሁሉ በትንሽ ቀብድ ያዛቸው። አዝመራው ሲደርስ ሰው ሁሉ መጭመቂያ ፈለገ፤ ታሌስም በፈለገው ዋጋ አከራያቸው። ታሌስ ወይራ አልተከለም፣ ዘይትም አልጨመቀም፤ ሁሉም የሚያልፍበትን ጠባብ በር ቀድሞ ያዘ። የዛሬው ቀብድ የባለሀብቶች ገንዘብ ነው። በ1994 የተመሠረተው አማዞን የመጀመሪያውን የሩብ ዓመት ትርፍ ያየው በ2001 መጨረሻ ነው፤ በ2009 የተመሠረተው የመኪና ጥሪ ኩባንያ ኡበር የመጀመሪያውን ዓመታዊ የሥራ ትርፍ ያስመዘገበው በ2023። በመካከሉ ያሉት ዓመታት ኪሳራ የጉዞው ዋጋ ረክሶ፣ የአሽከርካሪው ጉርሻ ወፍሮ፣ ሁለቱም ወገን ሌላውን መንገድ እስኪረሱ የተከፈለ ቀብድ ነው። ባለሀብቱ ፒተር ቲልም በ2014 ባሳተመው መጽሐፉ ውድድርን ለተሸናፊዎች ትቶ ሞኖፖሊን እንደ ግብ አስቀምጧል፤ ቢያንስ አልደበቀውም።

እዚህ ላይ የሥነ ምግባሩ ጥያቄ ይከብዳል። ዋጋን ከወጪ በታች ማርከስ ለገዢ ስጦታ ይመስላል፤ በዚያች ቀን ማን ተበደለ? ተበዳዩ ገና ያልመጣ ሰው ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ተፎካካሪው ሁሉ ሲዘጋ የሚጓዝ ተሳፋሪ፣ ያኔ ድርሻው የሚቀነስበት ሹፌር። የጥንቶቹ ሕጎች ሁሉ አንድን ሽያጭ ይመዝኑ ነበር፤ ዓመታት የሚፈጅ አንድ ሽያጭ ግን አያውቁም። የታልሙዱ አንድ ስድስተኛ እንዲህ ባለው ላይ አይሠራም፤ ዕቃውን ለዘመድ ለማሳየት ቢኬድም ዘመድየውም እዚያው መድረክ ላይ ነው።

ዋጋው ራሱም ከአደባባይ እየወረደ ነው። በሴፕቴምበር 2000 የአማዞን ደንበኞች አንድን ፊልም ለተለያዩ ሰዎች በተለያየ ዋጋ እንደሚሸጥ እርስ በርስ ሲነጋገሩ ደረሱበት። ኩባንያው በዕጣ የተደረገ ሙከራ ነው ብሎ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ ወደ 7 ሺህ ለሚጠጉ ገዢዎች ልዩነቱን መለሰ። ቁጣው ለአዲስ አበባ አንባቢ ትንሽ ሊያስገርም ይችላል። መርካቶ የገዢውን ጫማ አይቶ ዋጋ የሚጠራ ሻጭ አዲስ አይደለም፤ አንዱ ጫማ ለጎረቤቱ በአንድ ዋጋ፣ ከውጭ ለመጣ ዘመድ በሌላ ዋጋ ተሸጦ ያድራል። ታዲያ ማሽኑ ምን አዲስ ነገር አደረገ?

ድርድርን በቅርብ ላየው መልሱ ይገኛል። ሻጩ 1,200 ይላል፤ ገዢው 600። ሻጩ የገዛበትን ይምላል፤ ገዢው ስፌቱን አገላብጦ ክር ይመዝዛል። ከዚያ ገዢው ዕቃውን አስቀምጦ ይወጣል፤ ሦስት አራት እርምጃ፣ ሳይፈጥን። «ና እስቲ፣ የመጨረሻ ስንት ትከፍላለህ?» የሚለው ጥሪ ከኋላው ካልመጣ 600 እውነትም አያዋጣም ማለት ነው። ሁለቱም የየራሳቸውን ልክ ደብቀዋል፣ ሁለቱም የሌላውን ልክ ፈልገዋል፤ የሻጭ ዓይን ጫማን ያነባል፣ የገዢም ዓይን የሱቁን ጭርታ ያነባል። ሽያጩ ካለቀ በኋላም እህል ከሆነ ከሞላው ጣሳ ላይ በእጅ ጭብጥ ምርቃት ይጨመራል። በገንዘብ ሲሰላ ምርቃቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ግን ዋጋውን ያወጣው ሰው መሆኑን ይመሰክራል። ስሙም ከቡራኬ ጋር አንድ ነው።

የስልኩ ዋጋ ከዚህ የሚለየው በግል መሆኑ ሳይሆን በአንድ ወገን መሆኑ ነው። መድረኩ ገዢው ስንት ጊዜ እንደፈለገ፣ የት እንዳለ፣ ትናንት በስንት እንደገዛ ያውቃል፤ ገዢው ስለ መድረኩ የሚያውቀው በመስታወቱ ላይ የታየችውን ቁጥር ብቻ ነው። ፊቱን አዙሮ ቢሄድ የሚጠራው የለም፤ መሄዱ ራሱ ተመዝግቦ ለሚቀጥለው ዋጋ ግብዓት ይሆናል። በዲሴምበር 2014 በሲድኒ መሐል ከተማ አንድ ታጣቂ በካፌ ውስጥ ሰዎችን አግቶ ሕዝቡ ከአካባቢው ለመውጣት ሲሯሯጥ የኡበር ቀመር ፍላጎት መጨመሩን ብቻ አይቶ ዋጋውን እስከ አራት እጥፍ ሰቀለው። ኩባንያው ኋላ ይቅርታ ጠየቀ፣ ገንዘብም መለሰ። በሐሳቡ ቀመሩ አልተሳሳተም፤ ዋጋ መጨመሩ ተጨማሪ ሹፌሮችን ወደዚያ ይጠራል። የጎደለው የሚሸሽን ሰው ፊት የሚያይ ዓይን ነው። ካኔማን፣ ክኔትሽና ቴለር በ1986 ባወጡት ጥናት፣ ከከባድ በረዶ ማግስት የበረዶ አካፋ ከ15 ወደ 20 ዶላር ያስወደደ ሱቅ ከተጠየቁት 82 በመቶው ዘንድ ፍትሕ የጎደለው ተብሏል። የኢኮኖሚክስ መማሪያ ልክ ነው የሚለውን ተራው ሰው ግፍ ብሎታል፤ የሮድስ ክርክር አላለቀም ማለት ነው።

በቴሌግራም የሚሸጡ የአዲስ አበባ ነጋዴዎች ደግሞ ሁለቱን ዓለም ያዳቀለ ልማድ ፈጥረዋል። የጫማው ፎቶ ከአራት አቅጣጫ ይለጠፋል፣ ቁጥሩ ከ38 እስከ 43 እንዳለ ይጻፋል፣ አድራሻው እስከ ፎቁ ይነገራል፤ ዋጋ የሚለው ቦታ ላይ ግን «በኢንቦክስ» የሚል ብቻ አለ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ነጋዴ የሸቀጡን ዋጋ ለሸማቹ እንዲያሳይ ያዛል፤ እዚህ አደባባዩ ላይ ያለው ሸቀጡ ነው፣ ዋጋው ጓዳ ገብቷል። የነጋዴው ምክንያት አያስቅም፦ ዋጋ ቢለጥፍ ተፎካካሪው 50 ብር ቀንሶ ይለጥፋል። ቢያንስ ግን ኢንቦክሱ ውስጥ ሰው አለ፤ «ትንሽ ቀንሺልኝ» ሊባል ይችላል።

ዋጋው ዜሮ የሆነበት ገበያ ሌላ መልክ አለው። ፍለጋው፣ ፖስታው፣ ቪዲዮው በነፃ ነው፤ የሚሸጠው የተመልካቹ ትኩረት ነው። ኸርበርት ሳይመን በ1971 መረጃ ሲበዛ የሚደኸየው ትኩረት ነው ብሎ ነበር፤ ያ ድህነት ዛሬ በጨረታ ይሸጣል። አንድ ሰው የሕመሙን ስም ጎግል ላይ ሲጽፍ፣ ጣቱ ከመስታወቱ ሳይነሣ ማስታወቂያ አውጪዎች በዚያች ቃል ላይ ተጫርተው ያልቃሉ። በመዲና የተከለከለው የጨረታ ማታለል ሦስት ሰዎች ይፈልግ ነበር፦ ሻጭ፣ ገዢና አስወዳጅ። በዚህኛው ጨረታ ተጠቃሚው ከሦስቱ አንዱም አይደለም፤ ዕቃው ነው። ገዢ ያልሆነ ሰው ደግሞ ዋጋ በዛብኝ ብሎ የሚከስበት ቋንቋ የለውም።

የዚህ ሁሉ ሥር ዕውቀት መሆኑን ቀድሞ ያየ ኢትዮጵያዊ ነበር። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞተ በኋላ በ1924 በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ዕውቀት ያለው ሕዝብና ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ሲነግዱ፣ የኋለኛው የብዙ ቀን ድካሙን ለጥቂት ቀን ድካም እንደሚሰጥ አስረድቷል። በስምምነት የሚፈጸም ንግድ መሆኑ በደሉን አያነሣውም። ሐሳቡ ስለ አገሮች ነበር፤ ዛሬ ግን አንድ መድረክ በላዩ ከሚነግዱት ሁሉ ጋር ያለውን ዝምድና ከዚህ የተሻለ የሚገልጽ የለም። ሻጩ የራሱን ሽያጭ ያውቃል፣ መድረኩ የሁሉንም።

ከዚህ በተቃራኒ የቆመ ጠንካራ ክርክር አለ። ኢኮኖሚስቱ ፍሬድሪክ ሃይክ በ1945 እንዳለው ዋጋ በሚሊዮን ሰዎች አእምሮ የተበታተነ ዕውቀትን ወደ አንድ ቁጥር የሚሰበስብ መሣሪያ ነው፤ ማንም ከላይ ሆኖ ትክክለኛውን ሊያውቅ አይችልም። ነቢዩ ለመተመን እምቢ ማለታቸውም ከዚህ ጋር ይስማማል። ክርክሩ ልክ ነው፤ ግን ያረጀ ጠላት ይወጋል። ሃይክ የሚጠረጥረው ከላይ ሆኖ ዋጋ የሚቆርጠውን የመንግሥት ዕቅድ አውጪ ነበር። የተበታተነውን ዕውቀት በአንድ መዝገብ የሰበሰበ፣ ለእያንዳንዱ ገዢ ዋጋ የሚቆርጥ የግል ኩባንያ ሲመጣ የሃይክ ጥርጣሬ ወደዚያ መዞር ነበረበት። የመዲናውም ትውፊት ቢሆን ዋጋ አልቆርጥም ብሎ ገበያውን አልተወውም፤ ቅፍለቱን መንገድ ላይ መቀበልን የከለከለው ያው ትውፊት ነው። ኋላም በየከተማው ሚዛንና ስፍር የሚመረምር፣ አባይ ሚዛን የያዘውን የሚቀጣ የገበያ ተቆጣጣሪ ተሾመ። የፍትሑ ቦታ ቁጥሩ ሳይሆን ቁጥሩ የተወለደበት መንገድ ነው። ገዢ የሚያውቀው ምን ነበር፣ መሄድ ይችል ነበር ወይ፣ ለምን ይህን ያህል ብሎ የሚጠይቀው ሰው ነበረው ወይ?

ሕጎች በዚህ አቅጣጫ ቀስ እያሉ እየሄዱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ያወጣው መመሪያ ዋጋው በማሽን ለገዢው በግሉ የተሰላ ከሆነ ይህ እንዲነገረው ያዛል፤ ከማርች 2024 ጀምሮ የሚገደዱበት የዲጂታል ገበያዎች ሕግ ደግሞ ትልልቆቹን መድረኮች «በር ጠባቂ» ብሎ ሰይሞ የራሳቸውን ሸቀጥ በተርታው ላይ እንዳያስቀድሙ ይከለክላል። ስያሜው ቀጥተኛ ነው፤ ነጋድራሱ ሱቅ ቢከፍት የሚለውን ጥያቄ ሕግ ያደረገ ነው። ዋጋው በግል ተሰልቷል ብሎ መንገር ግን እንዴት ተሰላ የሚለውን አይመልስም፤ ብዙ ጊዜ ቀመሩን የጻፉት ሰዎች ራሳቸው የአንዲትን ቁጥር ምክንያት ነቅሰው ማውጣት ይቸግራቸዋል።

በአዲስ አበባ መንገዶች ሹፌርና ተሳፋሪ የራሳቸውን መልስ ይሰጣሉ። ጥሪው በስልክ መተግበሪያ ይገባል፣ ሹፌሩ ይቀበላል፤ ወዲያው ግን ይደውላል። «ወዴት ነው? ስንት አለሽ?» ቁጥሩ ይነገረዋል። ነዳጁ፣ የመንገዱ መጨናነቅ፣ ባዶውን የሚመለስበት ርቀት ይዘረዘራል፤ ተሳፋሪዋም ዝናቡንና የተሸከመችውን ልጅ ታነሣለች። አንዳንዴ ጥሪው ይሰረዝና በሌላ ዋጋ ይስማማሉ፤ አንዳንዴ ማሽኑ ባለው ይጸናል፣ ከላዩ 20 ብር ይጨመርበታል። ደንቡ ይህን አይፈቅድም፤ መድረኩም ድርሻውን ያጣል። ሁለቱ ግን ዋጋ የሚባለውን ነገር እንደሚያውቁት አድርገው እየተነጋገሩ ይሄዳሉ።